የፍልሰታ ሰሞን ቆጠራ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ዕድሜ ስጠይቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ የራሴን ዕድሜ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነገረችኝ። ስልሳ ዓመት ሞልቶዎታል፣ ስላገለገሉ እናመሰግናለን፣ መታወቂያዎንና ታብሌትዎን ይመልሱ ትላለች። ደብዳቤዋን ያመጣልኝ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ሆኖ ነው የሰጠኝ።

"አይዞሽ እትዬ አስካለ" አለኝ።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። በቅጻችን ላይ "ስልሳና ከዚያ በላይ" የምትል አንዲት ሳጥን አለች። የሰውን እናትና አባት እዚያች ሳጥን ውስጥ ሳስገባ ነው የኖርኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ተራዬ ደርሶ እኔም ገባሁባት።

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ እዚህ ቤት ማን ይኖራል፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሰደደ እያሉ መጠየቅና መጻፍ። የተወለድኩት ጨንቻ ነው፣ ጋሞ ደጋ። የምኖረው ደግሞ አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ፣ ሲግናል አካባቢ ነው። አገሬ ከዚህ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ያስኬዳል። ደመወዙ እንደ መንግሥት ደመወዝ ነው፤ የውሎ አበሉም አንዳንዴ ከእኛ ቀድሞ አንዳንዴም ከእኛ ኋላ ይደርሳል። ስለዚያ ይብቃ። ልናገር የፈለግሁት ስለ ሥራው ራሱ፣ ስላስተማሩኝ ሰው፣ ስላጠፋሁትም ጥፋት ነው።

ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። የመጀመሪያ ምድቤ መንዝ ሲሆን የቡድን መሪዬ እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ እርሳሳቸውን በቢላ የሚቀርጹ፣ መቅረጫ ሲሰጧቸው "ይኼ ጫፉን ያደነዝዘዋል" የሚሉ ሰው። በየበሩ ከማንኳኳታቸው በፊት ያማትባሉ። ሽማግሌ ፊት ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ድንጋይ ወይም ግንድ ፈልገው ከሽማግሌው ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። ምግብ ሲቀርብላቸው ቅጹን ሳይጨርሱ አይነኩም። "የበላ ሰው አፉ ይለሰልሳል፤ ደግሞ መጠየቅ ያፍራል" ይሉ ነበር።

ዕድሜ ሲጠይቁ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አባት አገኘን። እኔ አዲስ ነኝ፣ ቸኮልኩ።

"ስንት ዓመትዎ ነው አባቴ?"

"ስልሳ።"

ልጽፍ ስል ጋሽ ተክሌ እጄን ያዙኝ።

"ባለፈው ዓመትስ ስንት ነበሩ አባቴ?" አሏቸው።

"ስልሳ።"

"ለከርሞስ?"

"እግዜር ካቆየኝ ስልሳ።"

ጋሽ ተክሌ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ጣሊያን ሲገባ ታዝለው ነው የሸሹት ወይስ በእግርዎ?"

"እኔ?" አሉ ሽማግሌው፣ ቅር ብሏቸው። "እኔማ አያቴን አዝዬ ነው የሸሸሁ።"

ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ ውኃ ፈሰሰ። አያታቸውን ያዘሉት ስንት መንገድ ነው፣ የታላቅ እህታቸው ሰርግ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የክርስትና አባታቸው መቼ ሞቱ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ሳትወርድ ጋሽ ተክሌ "ሰባ አንድ" ብለው ጻፉ።

"አሥራ አንድ ዓመት ከየት አምጥተህ ነው የጫንክብኝ?" አሉ ሽማግሌው።

"የራስዎ ነው። መንገድ ላይ ጥለውት ነው፤ አነሣሁልዎ እንጂ።"

ዕድሜ ተፈልጎ ይገኛል እንጂ ተጠይቆ አይገኝም የሚለውን ትምህርት ያን ቀን ነው የተማርኩት። ሰው ሁሉ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ ማለት ይወዳል። እንደ ወረደ ከጻፍከው አገሩ በሙሉ በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ የወለደ ይመስላል። ሌላው የጋሽ ተክሌ ሕግ ዝግ በር ነው። ዝግ በር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ ማታ። ሦስቴ ተንኳኩቶ ካልተከፈተ ጎረቤት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው በጠመኔ በሩ ላይ ክብ ምልክት የሚደረገው። ክቡ "ሰው የማይኖርበት ቤት" ማለት ነው። ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ሸምድጄው ነበር። ያሳተኝም እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከመንዝ በኋላ ብዙ ቦታ ተመደብኩ። ቦረና ስሄድ አስተርጓሚ ይዤ አንድ አዛውንት ፊት ተቀመጥኩና ስለ ጣሊያን ልጠይቅ ስጀምር ሳቁብኝ። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረካከቡ አባ ገዳዎችን ስም ወደ ኋላ ይቆጥሩልኝ ጀመር። "በእገሌ አባ ገዳነት ተወለድኩ፣ በእገሌ ተገረዝኩ" እያሉ ዕድሜያቸውን እንደ ሰዓት አስተካክለው ሰጡኝ። ያን ማታ ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። እኛ በስንት ላብ የምንፈልገውን እነሱ በቃላቸው ይዘውታል። እዚያ አንድ ሽማግሌ በአሥርና በአሥራ አምስት ልጅ ተከብቦ ነው የሚቀመጠው። ውኃ የሚያቀርብለት ያ፣ ከብቱን የሚያስገባለት ይኼ።

ከዚያ አገሬ ጨንቻ ተመደብኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በልጅነቴ ከሸማኔ ቤት ሁሉ የመወርወሪያ ድምፅ የሚሰማበት መንደር ነበር። ቤት ገብቼ "እዚህ ማን ይኖራል?" ስል እናት ወይም አባት፣ ሁለት የልጅ ልጅ፣ አለቀ። "ልጆቹስ?" "አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ። ሸማ ይሠራሉ።" ቀጣዩም ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደዚያው ነው። ወረቀቱ ላይ ከላይ ሽማግሌ ከታች ሕፃን ሆኖ መሃሉ ባዶ ቀረ። አባቴ "ስንት ቤት ጻፍሽ?" አለኝ። ነገርኩት። "ታዲያ እንሰቱን ማን ይቆፍራል ብለሽ አልጻፍሽም?" አለ። ለዚያ ቦታ የለውም ቅጹ።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የሚወለደው ልጅ ጥቂት ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ አንዲት እናት ደረጃው ከብዷቸው ከፋሲካ ፋሲካ ብቻ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። አገር እንደ ሰው ራስ ነው፤ ሽበት በአንድ ቀን ሁሉንም ጸጉር አይይዘውም፣ ከአንድ ወገን ይጀምራል። ቦረና ገና ጥቁር ነው። ጨንቻ ወጣቱ ስለሄደ ሸበተ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ልጅ ስለቀነሰ። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም "ወጣት አገር" ይባላል። የትኛው ወገን እንደሸበተ የሚያውቀው በየበሩ የሚያንኳኳው ሰው ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ይህ መሆኑን ሳውቅ በየማለዳው ቦርሳዬን ሳነሣ ክንፍ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ሊጀመር ነው ተባለ። ነርስ በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ደማቸውን ትለካለች፣ ቁስላቸውን ታጥባለች፣ የወደቀውን ታነሣለች። አገልግሎቱ ለሁሉም ሰፈር አይደርስም፤ አረጋዊ የሚበዛበት ይመረጣል። የካ ውስጥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ሥር ያለውን ሰፈር እንድቆጥር የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በጀት የተለቀቀው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ሥራው ከነሐሴ መባቻ ጀመረ።

ነሐሴ መባቻ የፍልሰታ ጾም ነው። ይህን አልረሳሁም። እንዲያውም ጾሜንና ሥራዬን እንዴት እንደማስማማ ተጨንቄ ነበር። በሰባት ሰዓት ላይ ሠራተኞቼን ምሳ እለቃለሁ፤ እኔ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ቅዳሴ አስቀድስና እመለሳለሁ። ግቢው በሱባኤ ሰው ሞልቷል። ከዛፉ ሥር ላስቲክ ወጥረው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው አድረው ውለው የሚጸልዩ ብዙ አሮጊቶችና ሽማግሎች ነበሩ። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው እማማ የሺ ከሚባሉ አሮጊት አጠገብ ነው። በወጣትነታቸው የእንጦጦን ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ከከረጢታቸው እፍኝ የተነከረ ሽምብራ ይሰጡኛል። "ብዪ ልጄ፣ የሥራ ሰው ነሽ" ይሉኛል። የት ሰፈር እንደሚኖሩ አልጠየቅኋቸውም። የሰው አድራሻ ስጠይቅ ውዬ እዚያ እንኳ ልረፍ ብዬ ይሆናል።

ከዚያ እወርድና ዝግ በር ማንኳኳት ነው። በዚያ ሰፈር ዝግ በር በዛ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንኳኳለሁ። ጎረቤት እጠይቃለሁ።

"እዚህ ቤት ሰው አለ?"

"የሉም።"

"መቼ ይመጣሉ?"

"እንጃ።"

ክፍት በሩ ደግሞ በልጅ የተሞላ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷልና። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ክብ አደረግሁ። ሕጉን አንድም አላጎደልኩም። ሪፖርቱ ሲወጣ እንጦጦ ሥር "የወጣቶች ሰፈር" ተባለ። ነርሶቹም ሌላ ቦታ ተመደቡ።

ኅዳር ጽዮን ዕለት እማማ የሺን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። በሁለት ምርኩዝ ነው የቆሙት።

"የት ጠፉ እማማ?"

"ወድቄ ልጄ። ደጃፌ አዳልጦኝ ገባሁ ስል ወለሉ ላይ ወደቅሁ። አንድ ቀን ተኩል ተኛሁ። የውኃ ቢል ሊያመጣ የመጣ ልጅ ነው ድምፄን የሰማ።"

ቤትዎ ላድርስዎ አልኩ። ደግፌያቸው ቁልቁለቱን ስንወርድ መንገዱ የማውቀው መንገድ ሆነ። ኩርባውንም አውቀዋለሁ። የቆርቆሮው በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ። በሩ ላይ በፌስታል የተሸፈነ፣ አራት ማዕዘኑ በምስማር የተመታ ነገር አለ። ከፌስታሉ ሥር የእኔ የጠመኔ ክብ አለች፤ አንድም ሳትደበዝዝ።

"ይኼ ምንድን ነው እማማ?"

"የመንግሥት ምልክት ነው። ከሱባኤ ስመለስ አገኘሁት። ዝናብ እንዳያጠፋብኝ ብዬ ነው ያለበስኩት። ቁጥሬ መሰለኝ።"

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሸት አልችልም፤ ብችልም ያን ዕለት አልችልም ነበር። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኳቸው። "ሰው የማይኖርበት ቤት ማለት ነው።"

እማማ የሺ ፌስታሉን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። "እና በቅዳሴው ሰዓት ሽምብራ የሰጠሁሽ ማን ነበር?" አሉ።

ጎረቤታቸው፣ ያኔ "የሉም" ያለችኝ ሴት፣ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"እንዴ፣ ሱባኤ የገባ ሰው ይወራበታል እንዴ? ጸሎቱን ማፍረስ ነው። ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ መንግሥት ነው? 'ቤቱ ሁለት ሳምንት ባዶ ነው' ብዬ ለሌባ ልናገር?"

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ሽማግሎቹ እንዳሉ ተራራው ላይ ናቸው፤ እኔም በየቀኑ አጠገባቸው ቆሜ "እግዚኦ ተሣሃለነ" እላለሁ። ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ፣ ሦስቱም በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ። ጋሽ ተክሌ በሕይወት ቢኖሩ እርሳሱን ከእጄ ይቀሙኝ ነበር።

በማግሥቱ ለያኔው አለቃዬ ሄጄ ነገርኩት። "ሪፖርቱ ታትሟል እትዬ፤ ምን ላድርግ?" አለኝ። ስሜን ጽፌ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ፣ ማረሚያ ደብዳቤ አስገባሁ። ፋይል ውስጥ ገባ። ለንስሐ አባቴም ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝና "ስግደቱ ላንቺ ነው፤ ቁጥሩን ግን አያስተካክለውም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እማማ የሺ ቤት ሄጄ ውኃ እቀዳለሁ፣ ደጃፉን አስተካክላለሁ። ግን እኔ ነርስ አይደለሁም። ከውድቀቱ የተረፋቸው የወገብ ቁስል ሲብስ እያየሁ የማደርገው አጣሁ። እንደ እሳቸው ያለ ደግሞ በዚያ ዳገት ስንት አለ።

ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዙር መጣ። አገልግሎቱ ሊሰፋ ነው፤ ሰፈር እንደገና ይመረጣል ተባለ። ወረቀት ቀርቶ ታብሌት ሆኗል። አዲሷ አስተባባሪያችን ሄለን ትባላለች፤ ፈጣን፣ ብልህ፣ ሁሉን ነገር ስክሪን ላይ የምታይ ልጅ። የሥራ ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ስትለጥፈው እንጦጦ ሥር ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ አምስት ይላል። ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

"ሄለንዬ፣ ይኼ መቀየር አለበት" አልኳት።

"ስኬጁሉ ጸድቋል እትዬ። ዴድላይኑ ጳጉሜ ነው።"

"ፍልሰታ ነው። ሽማግሎቹ ቤት አይኖሩም።"

"እሺ፣ ሱባኤ ቦታ ሄደን እንቁጠራቸዋ።"

"ታብሌትሽ ይፈቅዳል?"

አሰበችበት። "አይፈቅድም፤ ጂፒኤሱ ከቤቱ ደጃፍ ካልሆነ ፎርሙን አይከፍትም።"

"አየሽ፤ እሱም እንደ እኔ ሕግ አክባሪ ነው።"

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። የፌስታሏን ታሪክ ነገርኳት። ያኔ ያስገባሁትንም ማረሚያ ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። አንብባ ስትጨርስ ጣቷን ስሜ ላይ አኖረች።

"ይህን ስምዎን አስቀምጠው ጻፉት?"

"የማንን ስም ላስቀምጥ?"

ተነሥታ ሰሌዳውን ነቀለችው። ሲግናልና ኮንዶሚኒየሞቹ በመጀመሪያው አጋማሽ እንዲሆኑ፣ ዳገቱ ከነሐሴ አሥራ ሰባት እንዲጀምር አገላበጥነው። ከአለቆቿ ጋር ሦስት ቀን ተከራከረች። ፈረሙላት። ያን ቀን ከመገናኛ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ግን አንድ ነገር ቀረ። ከሱባኤ ሲወጡ ብዙዎቹ ወደ ዘመድ፣ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። ቤታቸው እንዲጠብቁን ማን ይነግራቸዋል? የደብሩን አስተዳዳሪ አባት ጠየቅኳቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ነጠላዬን አደግድጌ ደረጃው ላይ ቆምኩና "ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ቤታችሁ ሁኑ፣ ልንቆጥራችሁ ነው" አልኩ።

 ከዚያ አንዲት አሮጊት ከመሃል፣ "ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር አልመጣም?" አሉ።

"እውነት ነው፣ መጥቷል" ማለት በየአቅጣጫው ተሰማ። "እኔ አልቆጠርም።" "እኔም።"

 መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ እውነት ይላል። ቀና ብዬ ሥዕለ ማርያምን አየሁ፤ መልሱን እሷው አቀበለችኝ ብል አላጋነንኩም።

"እናቶቼ፣ እመቤታችን ቤተ ልሔም ምን ልትሠራ ወረደች?" አልኩ። "ልትቆጠር አይደለም? እርጉዝ ሆና፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ ተቆጠረች። ጌታችንም የተወለደው እናቱ ልትመዘገብ በሄደችበት ነው። ይኸው የእሷን ጾም ጾማችኋል።"

አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አነሡ። "እሷ ማደሪያ አጥታ በረት ገባች። እኛ ግን ቤታችን ድረስ ነው የምትመጡት?"

"ቤታችሁ ድረስ።"

"እንግዲያማ እኛ ይሻለናል።"

"ዝም በል፣ በእመቤታችን አይቀለድም" አሏቸው እኚያው ዳዊትን ያነሡት አሮጊት፤ እሳቸውም ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ማለዳ ዳገቱን ስንወጣ ያየሁትን መቼም አልረሳም። በእኔ ክብ ተዘግተው የነበሩት በሮች ክፍት ናቸው። በየደጃፉ ነጭ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። አንዳንዶቹ የክርስትና ካርዳቸውን፣ አንዳንዶቹ የቆየ የቀበሌ መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ከላይ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚሮጡ ወጣቶች ሲያልፉ አንድ ሽማግሌ፣ "እነዚህን ደግሞ ማን አሳደዳቸው?" ይላሉ። ጋሽ ተክሌ እንዳስተማሩኝ ዝቅ ብዬ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ፣ ስልሳ የሚለውን ሁሉ አብዮት ሲፈነዳ ስንት ልጅ ነበረዎት፣ ጣሊያን ሲወጣ ማን ነበር ያዘለዎት እያልኩ፣ ቀኑን ሙሉ ዕድሜ ስፈልግ ዋልኩ።

እማማ የሺ ጋ ስደርስ ጎተት አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "መቶ በይኝ።"

"ምን አሉ?"

"መቶ። ቁጥሩ ከበዛ ነርሷ ቶሎ ትመጣለች ይባላል።"

ፈተና ነው። አንዲት ጣት መንካት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዕዳም አለብኝ። ግን አንድ ጊዜ ውሸት ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ፤ ባላውቅም ውሸት ነው። ሁለተኛ አልጽፍም አልኩ። ታላቅ ወንድማቸው ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ተወለደ፤ በእሱና በእሳቸው መካከል ሁለት ልጅ ሞቷል። ንጉሡ ሲወርዱ ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ደማምሬ ሰባ ስምንት አልኩ።

"ሰባ ስምንት?" አሉ፣ ፊታቸውን አጨማድደው። "እሱ ምኑ ያስፈራል?"

"እውነቱ ነው እማማ። ከተመረጥን በእውነት እንመረጥ።"

"ካልተመረጥንስ?"

 ታብሌቱን ዘጋሁና ውኃ ቀዳሁላቸው።

ውጤቱ ሲሰበሰብ ሄለን ካርታውን ስክሪኗ ላይ ከፍታ ጠራችኝ። አረጋዊ የበዛበት በጠቆረ ቀለም ነው የሚታየው። እንጦጦ ሥር ጠቁሯል፤ ያ ያኔ የሳሳው ሰፈር። ካርታውን ስታሳንሰው አገር ሁሉ ታየ፤ ቦረና ነጣ ያለ፣ የጋሞ ደጋ የጠቆረ። ሠላሳ አራት ዓመት በእግሬ የሄድኩበት ነገር ሁሉ በአንድ መስኮት። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"እትዬ፣ እያለቀሱ ነው?"

"አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው።"

ውሳኔው ሳይሰማ ኅዳር ላይ የጡረታ ደብዳቤዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። እማማ የሺ በየእሑዱ "መጣ?" ይሉኛል፤ "ገና ነው" እላለሁ። "መቶ ብትይኝ ኖሮ…" ብለው ይጀምሩና ይተዉታል። ጥር ላይ፣ የአስተርዮ ማርያም ማግሥት፣ ሄለን ደወለች። "ዳገቱ ተመርጧል" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ነጠላዬን ለበስኩ።

ነርሷ የመጣች ዕለት አብሬያት ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጡረተኛ ነኝ። ወጣት ናት፤ ዝርዝሩን በደረቷ ይዛለች። የመጀመሪያው ስም እማማ የሺ ነው። ቁስላቸውን አጠበች፣ ደማቸውን ለካች፣ እግራቸውን አሸችላቸው። እማማ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። ስትጨርስ ግን ዓይናቸውን ገለጡና፣ "አሁን ከጓዳ ያለውን ሰው እይው" አሏት።

ጓዳ ገባን። አንድ ሽማግሌ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ያኔ "የሉም" ያለችኝ ጎረቤት አባት ናቸው፤ ነርሷ እንድታያቸው እዚህ አምጥታቸው አጠገባቸው ቆማለች፤ አባባ ቶሎሳ ይባላሉ። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሰላሌ ነው ልጃቸው ያመጣቻቸው። አገር ቤት ያለው ልጅ ሁሉ ወደ ከተማ ወጥቶ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ሰፈሩ ነርስ እንዳገኘ ስትሰማ ሄዳ ይዛቸው መጣች።

ነርሷ ዝርዝሯን ከላይ እስከ ታች አየች። "እዚህ ላይ የሉም" አለች፣ ወደ እኔ ዞራ። "ቆጠራው ካለቀ ነው የመጡት። ምን ላድርግ እትዬ?"

እማማ የሺና ጎረቤታቸው እኩል ወደ እኔ አዩ። ሽማግሌውም አዩኝ፤ ነገሩ ስለ እሳቸው መሆኑ ገብቷቸዋል።

"ከታች ቦታ አለ" አልኳት። "በእጅሽ ጻፊያቸው። ለሄለን እኔ እነግራታለሁ።"

ነርሷ እስክሪብቶ አወጣች። "ሙሉ ስምዎ አባባ?"

አባባ ቶሎሳ ተስተካክለው ተቀመጡ። ቡልኳቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። "ቶሎሳ" አሉ፤ "ጉደታ፣ ዋቅጅራ…" ወረቀቱ ላይ ያለው ቦታ ለሦስት ስም ብቻ ነው፤ ሞላ። እሳቸው ግን አላቆሙም። "በዳዳ፣ ሮቢ፣ ቱፋ፣ ደበሌ" እያሉ ሰባት ቤት ድረስ ቆጠሩ። ነርሷም እስክሪብቶዋን አላነሣችም። ሁሉንም፣ በኅዳጉ ላይ ጭምር እየጠመዘዘች፣ ጻፈቻቸው። ከዚያ መሬት ተንበርክካ እግራቸው ላይ ያለውን ጨርቅ መፍታት ጀመረች።